መብራትን በመደብ ስፋት መመጠን
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)



አዲስ አበባ ፒያሳን የሚያውቅ ሁሉ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይን ያውቃል። ድልድዩ የተሰየመው በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር በሆኑት በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም ነው። ፊታውራሪ በቅጽል ስማቸው «አባ መላ» ይባሉ ነበር። ለቸገረ ነገር ሁሉ መላ አያጡም ተብሎ ስለሚነገርላቸው ስሙ እስከ ዛሬ በሕዝብ አንደበት ላይ ይገኛል።

ለገበሬውም አካባቢው እንግዳ አይደለም። በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት እስኪዛወር ድረስ፣ ከየክልሉ የሚጫነው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጎመን የሚራገፈው እዚያ ነበር። ምርቱን ጭኖ የገባ ገበሬ አንድ ነገር በሚገባ ተምሯል። ሁሉም በአንድ ሳምንት ያቀረበው ቲማቲም ዋጋው ይወድቃል፤ ሦስትና አራት ሳምንት ቀድሞ የደረሰ ግን ባለቤቱን ይክሳል። ቀድሞ ለመድረስ ደግሞ ቀድሞ የተዘጋጀ ጠንካራ ችግኝ ያስፈልጋል። የዛሬው ንግግር ርእስም የሚነሣው ከዚህ ነው።

የችግሩ ምንጭ

እንደሚታወቀው በመስኖ የሚለማ ማሳ ዝናቡ እንዳበቃ በመስከረምና በጥቅምት ችግኝ ይፈልጋል። ስለሆነም ዘሩ የሚፈሰው በነሐሴ፣ ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት፣ መደቡ በውኃ በሚጥለቀለቅበት ወቅት ነው። በዚህ ምክንያት ችግኝን በቤት ውስጥ፣ በመደርደሪያ ላይ፣ በመብራት የማፍላት ሐሳብ በየማኅበሩ እየተነሣ ይገኛል። በከተማም እንዲሁ ነው። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በከተማ ቤቶች ጎመንና ሰላጣ የማልማት ፍላጎት ጨምሯል። በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዙሪያ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ተሠርተው በነበሩት የቆዩ ቤቶች መስኮቱ ጠባብ ነበር፤ ፀሐይም በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ብቅ ብላ ትሄድ ነበር። ከዚያ ወጥቶ ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰውም ያለው አንዲት በረንዳ ናት።

ታዲያ ችግሩ መብራት የመግዛቱ ጉዳይ አይደለም። ችግሩ አምፖሉ የሚገዛው ዓይን አይቶ «ይበቃል» ባለው መሆኑ ነው። የሰው ዓይን ጨለማውንም ብርሃኑንም ይለምዳል፤ ተክል ግን አይለምድም። ለሰው ደማቅ የሚመስለው ክፍል ለችግኝ ጨለማ ሊሆን ይችላል። ውጤቱም ቁመቱ የረዘመ፣ አገዳው የቀጠነ፣ ቅጠሉ የገረጣ፣ ማሳ ላይ በወረደ በሦስተኛው ቀን ፀሐይ የሚጥለው ችግኝ ነው። በዚህ ጊዜ የሚባክነው የመብራቱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ዘሩም፣ የመስኖ ተራውም፣ ወቅቱም አብረው ይባክናሉ።

ብርሃን እንዴት ይለካል?

ብርሃን በአንድ ቦታ ላይ ምን ያህል እንደሚያርፍ የሚለካው ሉክስ በሚባል መለኪያ ነው። የቀትር ፀሐይ ጥርት ባለ ሰማይ 100 ሺህ ሉክስ ያህል ይሰጣል። ከመስኮት ራቅ ያለ የቤት ጥግ ግን ጥቂት መቶ ሉክስ ቢያገኝ ነው። ዛሬ በብዙዎች እጅ ያለው ዘመናዊ የእጅ ስልክ በቀላል ፕሮግራም ሉክስን በግምት መለካት ይችላል፤ ስለዚህ መሣሪያው ሩቅ አይደለም።

ተክሎች የሚፈልጉት እንደየዕድሜያቸውና እንደየዓይነታቸው ይለያያል። የድንች ተክል በጠርሙስ ውስጥ በሚባዛበት የቲሹ ካልቸር ላቦራቶሪ፣ ተክሉ ስኳሩን ከተዘጋጀለት ምግብ ስለሚያገኝ ከ2 ሺህ እስከ 3 ሺህ ሉክስ ይበቃዋል። በአፈር ላይ ያለ የቲማቲም፣ የቃሪያ ወይም የጎመን ችግኝ ግን ራሱን በራሱ የሚመግብ በመሆኑ በነጭ ኤልኢዲ መብራት 10 ሺህ ሉክስ ያህል ይፈልጋል። ቲማቲም ፍሬ እንዲያፈራ ደግሞ ከዚህ ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል።

በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ዋት መብራቱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ ለተክሉ የሚደርሰውን ብርሃን አይነግርም። የጥንቱ ባለ ክር አምፖል ከሚበላው አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ደህና ነጭ ኤልኢዲ ግን ለአንድ ዋት 100 ሉመን ያህል ብርሃን ያወጣል። አንድ ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ አንድ ሉመን አንድ ሉክስ ነው። ይህን የያዘ ሰው የቀረውን ሒሳብ በወረቀት ላይ መሥራት ይችላል።

ሒሳቡ በምሳሌ

ለምሳሌ ርዝመቱ 1.2 ሜትር፣ ወርዱ ግማሽ ሜትር የሆነ አንድ መደርደሪያ ይወሰድ። ስፋቱ 0.6 ካሬ ሜትር ነው። በ10 ሺህ ሉክስ ሲባዛ 6 ሺህ ሉመን መደቡ ላይ ማረፍ አለበት ማለት ነው። ነገር ግን ከመብራቱ ከሚወጣው ሲሶው ያህል ወደ ጎን ይባክናል ተብሎ ቢታሰብ 9 ሺህ ሉመን ያስፈልጋል። ይህም 90 ዋት፣ ማለትም 1.2 ሜትር ርዝመት ያላቸው ባለ 18 ዋት አምስት የኤልኢዲ ዘንጎች ነው።

በዚህ መደርደሪያ ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ችግኝ ቢቆም 240 ችግኝ ይይዛል። መብራቱ በቀን 16 ሰዓት ቢበራ 1.44 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በ28 ቀን ከ40 ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ለችግኙ ሲካፈል ለአንዱ 0.17 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይደርሰዋል። አባላት ይህን በራሳቸው የመብራት ቢል ላይ በተጻፈው ታሪፍ አባዝተው፣ ከችግኝ ዋጋ ጋር ማስተያየት ይችላሉ።

አሁን ደግሞ ስህተቱ ይታይ። አራት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ክፍል 12 ካሬ ሜትር ነው፤ የመደርደሪያውን 20 እጥፍ ማለት ነው። አንድ ሰው እነዚያኑ 90 ዋት መብራቶች ኮርኒሱ ላይ ሰቅሎ ወለሉን ሙሉ መደብ ቢያደርግ እያንዳንዱ ችግኝ የሚያገኘው ቢበዛ 500 ሉክስ ነው። ይህ ጋዜጣ ለማንበብ ይመቻል፤ ችግኝ ግን አያሳድግም። ክፍሉን በሙሉ በ10 ሺህ ሉክስ ለማብራት 1 ሺህ 800 ዋት ይጠይቃል፤ በወርም 864 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ስለሆነም መብራት የሚመጠነው በክፍሉ ስፋት ሳይሆን በመደቡ ስፋት ነው። ግድግዳውንና መተላለፊያውን ማብራት ለማንም አይጠቅምም።

ከመግዛት በኋላ ሊታሰቡ የሚገባቸው

አንደኛ፣ ርቀት ነው። ከአንድ አምፖል የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ለዘንግ መብራት ከችግኙ ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። ችግኙ ሲያድግ መብራቱም በሰንሰለት ወይም በገመድ ከፍ ይላል።

ሁለተኛ፣ ግድግዳው ነው። በኖራ ወይም በነጭ ቀለም የተቀባ ጎንና ጀርባ የሚባክነውን ብርሃን ወደ መደቡ ይመልሳል። አንድ ባልዲ ኖራ ከአንድ ተጨማሪ መብራት ሊረክስ ይችላል። በዳር ያሉት ችግኞች ከመሐሉ ያነሰ ስለሚያገኙ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ቦታ መለዋወጥ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ሰዓት ነው። ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለጎመን ችግኝ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ማብራት በቂ ነው። «ቢበዛ ይጠቅማል» ብሎ ቀንና ሌሊት ማብራት የቲማቲምን ቅጠል ይጎዳል። የሽንኩርት ነገር ደግሞ የተለየ ነው። በአገራችን የሚዘሩት እንደ አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ ያሉት የሽንኩርት ዝርያዎች የቀን ርዝመትን ይቆጥራሉ፤ 16 ሰዓት ቢበራላቸው ገና በመደብ ላይ ሳሉ ያለ ዕድሜያቸው ራስ መቋጠር ሊጀምሩ ይችላሉ። ስለዚህ ሽንኩርት ከ12 ሰዓት ባይበልጥ ይሻላል።

አራተኛ፣ ደኅንነት ነው። በቆዩ ቤቶች የኤሌክትሪክ ገመዱ ያረጀ፣ አንዱ ቆጣሪም ለብዙ ቤተሰብ የሚያገለግል ሊሆን ይችላል። ውኃ በሚጠጣ መደብ ላይ የተሰቀለ መብራት መሬት መስመር ሊኖረው፣ መጋጠሚያውም ከውኃ ሊጠበቅ ይገባል። ሥራው ለባለሙያ ይሰጥ። የጭቃና የእንጨት ቤት በእሳት ሲያያዝ ጎረቤትም አይተርፍም።

መብራት የማያስፈልግበት ቦታ

የኅብረት ሥራ ማኅበር ሀብት የአባላት ነውና፣ የት ገንዘብ እንደማያስፈልግ ማወቅም ቁጠባ ነው። ለዚህ የድንች ዘር ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ቀድሞ ገበሬው የዘር ድንቹን ሳይቆፍር በማሳ ያቆየው፣ አለዚያም በጨለማ ቤት ያከማቸው ነበር። በጨለማ የቆየ ድንች ረጅም፣ ነጭና ተሰባሪ ቡቃያ ያወጣል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከልና ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል ለገበሬው ያስተዋወቁት ማከማቻ ግን ጣሪያ ኖሮት፣ ጎኑ በርብራብ የተሠራ፣ ቀጥታ ፀሐይ የማይመታው፣ ብርሃንና አየር የሚገባበት ነው። በዚያ መደርደሪያ ላይ ስስ ሆኖ የተነጠፈ ዘር ይአረንጓዳል፤ አጭርና ወፍራም ቡቃያም ያወጣል። እንደ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ያሉ ዝርያዎችን የሚያባዙ የዘር ድንች አምራቾች ይህን ዘዴ ይጠቀማሉ። አንድም አምፖል የለበትም። ዘሩ ከፍ ብሎ ቢከመር ግን ከሥር ያለው ብርሃን ያጣና እንደ ጨለማው ይሆናል። እዚህም ሕጉ አንድ ነው፤ ብርሃኑና የሚያርፍበት ስፋት መመጣጠን አለባቸው።

እንዲሁም ቲማቲምን በመብራት አፍርቶ መሸጥ አዋጭ ሊሆን አይችልም። አገራችን ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ቀን ያላት ናት። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ለኃይል አቅርቦት ታላቅ ተስፋ ቢሆንም፣ ፀሐይ በነጻ የምትሰጠውን በቆጣሪ መግዛት ብልህነት አይደለም። መብራት ለችግኝ፣ ያውም ለአራትና ለአምስት ሳምንት፤ ከዚያ በኋላ ችግኙ ቀስ በቀስ ከደጅ ፀሐይ ጋር ተለማምዶ ወደ ማሳው ይወርዳል።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አባላት፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ እያንዳንዱ ቤት በየፊናው አምፖል ከሚገዛ ማኅበሩ አንድ የችግኝ ክፍል በጋራ ቢያደራጅ ወጪውም ስህተቱም ይቀንሳል። የግዥ ኮሚቴ ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ይያዝ፤ መደቡ ስንት ካሬ ሜትር ነው? የሚፈላው ችግኝ ምንድን ነው? በቀን ስንት ሰዓት ይበራል? የቁጥጥር ኮሚቴም በዚሁ ወረቀት ይመርምር። መጀመሪያ በአንድ መደርደሪያ ተሞክሮ፣ ችግኙ ማሳ ላይ ታይቶ፣ ውጤቱ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ ቢሰፋ መልካም ነው። የግብርናና የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች ባለሙያዎችም በዚህ ሙከራ ከአባላት ጎን መቆም ይጠበቅባቸዋል።

የከተማ ጠባብ ቤትም ሆነች የገበሬው ሰፊ መጋዘን የሚገዙት በአንድ ሒሳብ ነው። መብራቱ በመደቡ ልክ ከሆነ ችግኙ ይጸናል፤ ችግኙ ከጸና ምርቱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ቀድሞ የደረሰ ምርትም የአባላትን የትርፍ ክፍፍል ያሳድጋል። አባ መላ የሚያሰኘውም ያለውን ለክቶ በልኩ መጠቀም ነው።