የሞርጋን ቤትና የሰው ገንዘብ
በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ጄ ፒ ሞርጋን ስለ ተባለው የአሜሪካ የገንዘብ ቤት ነው። ጉዳዩ የንግድ ትምህርት ክፍልን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሥራውን ጠባይ እንመልከት። ተራው ባንክ የአስቀማጮችን ገንዘብ ተቀብሎ ያበድራል፤ ብድሩ ሳይመለስ ቢቀር ኪሳራው የራሱ ነው። የኢንቨስትመንት ባንክ ዋና ሥራ ግን ማገናኘት ነው። ገንዘብ የሚፈልግ መንግሥት ወይም ኩባንያ በአንድ በኩል፥ ገንዘብ ያለው ሰው በሌላ በኩል ይቆማሉ፤ ባንኩ በመካከል ሆኖ የብድሩን ሰነድ ወይም አክሲዮኑን ያዘጋጃል፥ ዋጋውን ይተምናል፥ ገዢ ይፈልጋል፤ ስለ ድካሙም ይከፈለዋል። በእኛ ቋንቋ ደላላ ልንለው እንችላለን፤ ነገር ግን መንግሥታት ሳይቀሩ የሚፈሩት ደላላ ነው።

እንዴት ይህን ያህል ሊፈራ ቻለ? በ1895 የአሜሪካ ግምጃ ቤት ወርቁ ሊያልቅ በተቃረበ ጊዜ ጆን ፒርፖንት ሞርጋን ከሮትስቻይልድ ቤት ጋራ ሆኖ 65 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወርቅ አቀረበ፤ በምትኩ የተቀበለውንም የመንግሥት የብድር ሰነድ አትርፎ ሸጠ። በ1901 የአንድሩ ካርኔጊን የብረት ፋብሪካዎች ከሌሎች ጋራ አዋሕዶ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ካፒታል ያለው የዩናይትድ ስቴትስ ስቲል ኩባንያ አቋቋመ። በ1907 ሕዝቡ ገንዘቡን ለማውጣት ወደ ባንኮች ሲጎርፍ አገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ አልነበራትም፤ ያን ጊዜ የ70 ዓመት ሽማግሌ የነበረው ሞርጋን የኒው ዮርክን ባለባንኮች በቤተ መጻሕፍቱ ሰብስቦ ገንዘብ አስዋጣቸው፤ ድንጋጤውም በረደ።

ጓደኞቼ፥ ይህን ሰው እናመስግነው ወይስ እንፍራው? አሜሪካኖች ሁለቱንም አደረጉ። አገር ያዳነ እጅ አገር ሊያንቅም ይችላል ብለው በ1912 በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ጠርተው መረመሩት፤ በ1913 ማዕከላዊ ባንካቸውን በሕግ አቋቋሙ። ከ1929 ውድቀት በኋላ በ1933 የወጣው ሕግ ደግሞ የአስቀማጮችን ገንዘብ የሚይዝ ባንክ በኩባንያዎች አክሲዮንና የብድር ሰነድ ንግድ እንዳይገባ ከለከለ። የሞርጋን ቤት ተራ ባንክነትን መረጠ፤ ከባልደረቦቹ አንዳንዶቹ ወጥተው በ1935 ሞርጋን ስታንሊን መሠረቱ። የዚህ አጥር ዋና ክፍል በ1999 ፈረሰ፤ በ2000 የሞርጋን ቤት ከቼዝ ማንሃታን ጋራ ተዋሐደ። ከ2008 ቀውስ በፊት እርሱና ኋላ የገዛቸው ባንኮች ስለ ሸጧቸው የቤት ብድር ሰነዶችም በ2013 ባንኩ የ13 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ፈረመ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ይህ ነው፤ ደላላው የሚከፈለው በፊርማው ቀን ነው፥ ተበዳሪው የሚፈተነው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። በአሜሪካም ሕጉ የመጣው ሁልጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ2014 ኢትዮጵያ በዓለም ገበያ የመጀመሪያውን የብድር ሰነድ ስትሸጥ አገናኞቹ ዶይቸ ባንክና ይኸው ጄ ፒ ሞርጋን ነበሩ። ብድሩ 1 ቢሊዮን ዶላር፥ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ፥ ዘመኑ 10 ዓመት ነበር። በ2023 መጨረሻ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። ጥፋቱን ሁሉ በአገናኙ ላይ የሚያላክክ ይኖራል፤ እኔ አልስማማም። በዶላር የተበደሩትን በዶላር መመለስ ግድ ነው፤ ዶላር የሚያስገባ ምርት በ10 ዓመት ውስጥ ይደርስ እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር የተበዳሪው ፋንታ ነው።

አሁን ደግሞ ሥራው ወደ ቤታችን ገብቷል። በ2021 የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ወጣ፤ በ2025 ጥር የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከእኛ መካከል አንዱ ሰነድ አዘጋጅ፥ ሌላው የመንግሥት ፈራሚ፥ ሌላውም የእናቱን ቁጠባ ይዞ አክሲዮን ገዢ ይሆናል። ስለዚህ ማኅበራችን የሕግና የኤኮኖሚ መምህራንን ለምኖ ይህን አዋጅ አንቀጽ በአንቀጽ የምናነብበት ጉባኤ እንዲያዘጋጅ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከመፈረም በፊት ማንበብ ከመክፈል ቀን ለቅሶ ይሻላል።