የቲሙ ከማን ጎን ይቀመጣል?

 

በማስተማር ሥራ የቆየን ሰዎች በሚገባ እንደምናውቀው፣ ሕፃን ልጅ 7 ወይም 8 ዓመት ሲሆነው ራሱን ከጓደኞቹ ጋር ማነጻጸር ይጀምራል። «ጫማ አለኝ» ብሎ ይደሰት የነበረው ልጅ «የእርሱ ጫማ ከእኔ ይበልጣል» ማለትን ይማራል። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የሚማረውም በዚሁ ዕድሜ ነው።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች የደንብ ልብስ፣ ደብተርና ምግብ ማቅረቡ፣ በፋብሪካና በቀን ሥራ ለሚተዳደሩ የአቃቂ ቃሊቲ ቤተሰቦች ታላቅ እፎይታ ሆኗል፤ አልሐምዱሊላህ። ይሁን እንጂ የደንብ ልብስ የማይሸፍነው ነገር አለ። መምህሩ «ነገ አባታችሁን ይዛችሁ ኑ» ሲል፣ ከዒድ በኋላ ልጆች አባታቸው ስለገዛላቸው ልብስ ሲያወጉ፣ የቲሙ አንገቱን ይደፋል።

ታዲያ ሰደቃችን ይህን ቁስል ይሽር ዘንድ እንጂ ያመረቅዝ ዘንድ አይገባም። በሰልፍ ላይ «የቲሞች ወደ ፊት ውጡ» ተብሎ ቦርሳ ቢታደልና ፎቶግራፍ ቢነሳ፣ የልጁ እጅ ይሞላል፤ ልቡ ግን ይሰበራል። ቦርሳው ራሱ መለያ ምልክት ይሆንበታል።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አባታቸውን ሳይወለዱ፣ እናታቸውን አሚናን በ6 ዓመታቸው አጡ። በሲራ እንደተዘገበው፣ ለአያታቸው ለዐብዱል ሙጦሊብ በካዕባ ጥላ ሥር ምንጣፍ ይነጠፍ ነበር። ልጆቻቸው ስለ አክብሮት በዙሪያው እንጂ በላዩ አይቀመጡም። ሕፃኑ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው ሲቀመጡ አጎቶቻቸው ሊያነሷቸው ሞከሩ፤ አያትየው ግን እንዲተዉዋቸው አዘው ከጎናቸው አስቀመጧቸው፤ ጀርባቸውንም ዳበሷቸው። በዚያ ጉባኤ ለየቲሙ የተሰጠው ገንዘብ ሳይሆን የክብር ቦታ ነበር።

ስለዚህ አደራ እንላለን። ለጋሾች ሆይ! ስጦታችሁ በቤቱ፣ በአሳዳጊው እጅ ይድረሰው፤ ቦርሳውም ጫማውም የማኅበር ስም ሳይጻፍበት የክፍል ጓደኞቹ የያዙትን ዓይነት ይሁን። ጎረቤቶች ሆይ! የወላጆች ስብሰባ በሚጠራበት ቀን ልጁን ብቻውን አትተዉት፤ ከአሳዳጊው ጋር ተመካክራችሁ አብራችሁት ሂዱ። መምህራን ሆይ! «አባታችሁን» በማለት ፈንታ «አሳዳጊያችሁን» በሉ። ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ያላቸውን ለማሳየት ሳይሆን ለመካፈል እንዲያወጡ አስተምሯቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሰደቃችሁን ይቀበላችሁ፤ የቲሞቻችንንም በክፍላቸውም በመንደራቸውም ቀና ብለው የሚሄዱ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።