ሁለት ጆንያ ከአንድ ክምር
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የአሜሪካ መራጮች በሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎቻቸው መመሳሰል ላይ የሚያሰሙት ምሬት ነው። ርእሱ ሲነገር አንዳንዶቻችሁ «የዋሽንግተን ነገር ለአወቱ መንደራ ምኗ ነው?» ማለታችሁ አይቀርም። እኔ ግን ነገሩን ከደጃችን የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም። በቡና ከተማ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ መጻሕፍት ማገላበጥ አያስፈልገውም። ሁለት ጆንያ ከፊቱ ይቆማል፤ በአንዱ ላይ ቀይ፣ በሌላው ላይ ሰማያዊ ምልክት ተቀብቷል፤ ገዢው እጁን ሰድዶ ሲዘግን ግን በሁለቱም ውስጥ ያለው ያው ጅማ አምስት ነው። «ምረጥ» ሲሉት ምኑን ይምረጥ? የአሜሪካው መራጭ እሮሮ በአጭሩ ይህ ነው።

እሮሮው የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ማኅበር ያቋቋመው ኮሚቴ፣ ፓርቲዎቹ የጠራ ልዩነት ስለሌላቸው መራጩ በእውነት የሚመርጠው ነገር አጥቷል ሲል በዘገባው ወቀሰ። በ1968 የአላባማ ገዥ የነበረው ጆርጅ ዋላስ በዲሞክራቶችና በሪፐብሊካኖች መካከል የሳንቲም ያህል ልዩነት የለም እያለ ተወዳድሮ አምስት ግዛቶችን አሸነፈ። (ይህ ሰው ጥቁሮችና ነጮች ተለያይተው እንዲኖሩ ሲሟገት የቆየ ነበር፤ እሮሮ እውነት ቢሆንም የሚያሰማው ሁሉ ቅን ነው ማለት አይደለም።) በ1992 ሮስ ፔሮ የተባለው ባለጸጋ ከመቶ 19 ያህል ድምፅ አግኝቶ አንድም ግዛት ሳያሸንፍ ቀረ። በ2000 ደግሞ ራልፍ ኔደር ሁለቱ ፓርቲዎች አንድ ናቸው ብሎ ተነሣና በፍሎሪዳ ብቻ ከ97,000 በላይ ድምፅ አገኘ፤ ቡሽና ጎር በዚያው ግዛት የተለያዩት በ537 ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ በኢራቅ የሆነውን ያየ ሰው፣ ሁለቱ ሰዎች በእርግጥ አንድ ነበሩ ብሎ ለመማል የሚደፍር አይመስለኝም።

ለምን ይመሳሰላሉ? ሃሮልድ ሆቴሊንግ የተባለ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1929 ስለ ነጋዴዎች ያሰበውን፣ አንቶኒ ዳውንስም በ1957 ወደ ምርጫ ያመጣውን ሐሳብ በኛው መንገድ ልናገረው። ከጅሬን እስከ ሂርማታ ባለው ጎዳና ቤቶች በእኩል ተደርድረዋል እንበል፤ ሱቅ ግን የለም። ሁለት ባለሱቆች ይመጣሉ። አንዱ ወደ ጅሬን፣ ሌላው ወደ ሂርማታ ጠጋ ብሎ ቢከፍት ለሰዉ ሁሉ ይቀርብ ነበር። ነገር ግን የጅሬኑ ባለሱቅ ጥቂት ወደ መካከል ቢጠጋ ከኋላው ያሉትን ደንበኞች ሳያጣ ከሌላው ይነጥቃል፤ ያኛውም ይህንኑ ያደርጋል፤ ፍጻሜው ሁለቱ ሱቆች በመንገዱ እኩሌታ ላይ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው መገኘታቸው ነው። ጅሬን ያለችው እናት ለአንድ ኪሎ ስኳር ያን ሁሉ መንገድ ትሄዳለች፤ ብትማረርም አይፈረድባትም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ባለሱቆቹን ወደ መካከል የገፋቸው የደንበኛው ፍርሃት ነው። ሌላው ይወስድብኛል ብለው ነው የተጠጉት።

የሚያስገርመው ደግሞ፣ ዛሬ እነዚያ ሁለት ፓርቲዎች በፅንስ ማስወረድ፣ በጦር መሣሪያ፣ በስደተኛ ጉዳይ እጅግ መራራቃቸው ነው። በ1950 የተመኙት ልዩነት መጣላቸው፤ ምሬቱ ግን አልበረደም። እንግዲህ በሽታው መመሳሰሉ ብቻ ነው ማለት አያስኬድም። መጠየቅ ያለበት የተመሳሰሉት ማንን ፈርተው ነው የሚለው ነው።

በዚህ ጥያቄ የአገራችንን ታሪክ እንመልከት። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በኛ አቈጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው አገር አቀፍ የእንደራሴዎች ምርጫ በ1949 ሲደረግ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ወንዱም ሴቱም የመምረጥ መብት ነበራቸው፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም በዚያ ምርጫ እንደራሴ ሆነዋል። ለመመረጥ ግን ሕጉ ንብረት ይጠይቅ ነበር። ጅማ ርእሰ ከተማው በሆነችበት በከፋ ጠቅላይ ግዛት የነበረው ጭሰኛ ድምፁን እንዲሰጥ ተፈቀደለት፤ የሚመርጠው ግን ከባለንብረት ባለንብረትን ነው። ስለ ጭሰኝነት ማን ይናገርለት? ያ ጥያቄ በሣጥን መግባት ስላልቻለ «መሬት ለአራሹ» ተብሎ በተማሪ አፍ ወደ አደባባይ ወጣ።

ከዚያ ከተማሪው እንቅስቃሴ የወጡት ሁለቱ ድርጅቶች ታሪክ ለኛ ለተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የቀረበ ነው። መኢሶን በ1960፣ ኢሕአፓ በ1964 ከአገር ውጭ ተመሠረቱ። ሁለቱም ማርክሳውያን፣ ሁለቱም ለአራሹ ጠበቃ ነን ባዮች ነበሩ። «ዴሞክራሲያ»ን እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»ን ጎን ለጎን አስቀምጦ አርማውን ቢሸፍኑት፣ ከብዙው ገጽ ላይ የቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ይቸግራል። ልዩነታቸው ከደርግ ጋር አብሮ እየሠሩ መተቸት ይሻላል፣ ወይስ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም በሚለው ላይ ነበር። ይህ ትንሽ ልዩነት ነው አልልም፤ ነገር ግን በድምፅ የሚቈረጥ ልዩነት ነበር። ድምፅ የሚሰጥበት ሣጥን አልነበረምና በጥይት ተቈረጠ። ቀይ ሽብር በ1969 እና በ1970 የኢሕአፓን ወጣቶች ፈጀ፤ መኢሶንም ነሐሴ 1969 ከደርግ ተለይቶ ሲሸሽ በተራው ታደነ። ገበሬውን ከሁለቱ የትኛውን ትመርጣለህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ፓርቲዎች ከተመሳሰሉ ቢያንስ ሰላም ይሆናል ለሚሉ ወዳጆቼ ይህን ሁልጊዜ አስታውሳቸዋለሁ።

በኔ አስተያየት አንድ ጊዜ ብቻ እውነተኛ ልዩነት በመራጩ ፊት ቆሞ ነበር፤ እርሱም በግንቦት 7 ቀን 1997 ነው። ያን ጊዜ ክርክሩ በራዲዮና በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ከክርክሮቹም ዋነኛው የመሬት ጉዳይ ነበር፤ ኢሕአዴግ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 እንደተጻፈው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ይሁን፣ አይሸጥ አይለወጥ ሲል፣ ቅንጅት የግል ይዞታ ይፈቀድ አለ። ይህ ለአጋሮና ለሊሙ ገበሬ የወሬ ነገር አይደለም። የቡና ተክል ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ከያዘም በኋላ ለልጅ ይተርፋል። ችግኝ የሚተክል ሰው መሬቱ ነገ የማን እንደሆነ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። በሌላ ወገን መሬት ቢሸጥ ኖሮ ጎተራው ባዶ በሚሆንበት በክረምት፣ ቡናው ሳይደርስ፣ ድኻው ማሳውን ለአራጣ አበዳሪ ባስረከበ ነበር የሚለውም ከንቱ ስጋት አይደለም። ሁለቱም ወገን ክብደት ነበረው፤ ስለዚህም ሰው ተሰልፎ እስከ ሌሊት ጠበቀ። በመጨረሻ በተነገረው ውጤት ከ547 ወንበር ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ። በውጤቱ ላይ የተነሣው ክርክር ግን በሣጥን አላበቃም፤ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሰዎች መገደላቸውን መዘገበ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545 ወንበር ያዙ። የቀሩት ሁለቱ አንድ የመድረክ ሰው ከአዲስ አበባ፣ አንድ የግል ተወዳዳሪም ከጎረቤታችን ከቦንጋ ነበሩ። በ2007 እነዚያም ሁለቱ ጠፉ፤ 547ቱም ተያዘ። ስማቸውን ብንቈጥር ብዙ ነበሩ፤ ኦሕዴድ፣ ብአዴን፣ ደኢሕዴን፣ ሕወሓት፣ በየዳር ክልሉም አጋር ድርጅቶች። የጆንያው ምልክት ብዙ፣ ክምሩ አንድ። ግንቦት 2007 ላይ ምክር ቤቱ በሙሉ አንድ ድምፅ ሆነ፤ ኅዳር 2008 ላይ የኦሮሚያ መንገዶች በተቃዋሚ ሞሉ፤ በመካከሉ ያለው ስድስት ወር ነው። በምክር ቤቱ አንድም ተቃዋሚ ያልተገኘበት አገር በጎዳናው ላይ ይህን ያህል ተቃዋሚ ከየት አመጣ? ነበረ፤ ወንበር ግን አልነበረውም።

መስከረም 2011 ኦሕዴድ እዚሁ ጅማ ባደረገው ጉባኤ ስሙን ወደ ኦዴፓ ለወጠ፤ በ2012 ደግሞ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ ብልጽግና ሆነ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በትውልድ ስፍራቸው በአጋሮ አጠገብ በበሻሻ ድምፅ ሲሰጡ፣ ኦፌኮና ኦነግ አባሎቻችን ታስረዋል፣ ቢሮዎቻችን ተዘግተዋል ብለው ከውድድሩ ወጥተው ነበር። መጀመሪያ በተነገረው ውጤት ከ436 ወንበር 410ሩን ብልጽግና ወሰደ። አዲሱ ፓርቲ ሥራውን ያቀና ይሆናል፣ አያቀና ይሆናል፤ የዛሬ ርእሴ ያ አይደለም። በነዚህ ወረዳዎች ያለ ሌላ ሐሳብ የያዘ መራጭ ካርዱን ይዞ ወዴት ይሂድ የሚለው ነው ርእሴ።

እንግዲህ የአሜሪካውን ምሬትና የኛን ምሬት አንድ ናቸው የሚል ሰው ሁለት ነገር ያምታታል። የነርሱ ባለሱቆች ደንበኛ ፈርተው ተጠጋግተዋል። በኛ ጎዳና ግን ሁለተኛው ሱቅ ወይ የአንዱ ባለቤት ነው፣ ወይ ተዘግቷል። የምርጫ ሕጋችን በአንድ በኩል ከነርሱ ጋር ይመሳሰላል፤ በየወረዳው ብዙ ድምፅ ያገኘ ሁሉን ይወስዳል፣ የቀረው ድምፅ ይባክናል። ይህን ለውጦ ድምፅን በመጠኑ የሚያከፋፍል ሥርዓት ቢቆም አነስተኛ ፓርቲዎች ይተነፍሱ ነበር፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ቆጠራውን መለወጥ የተዘጋውን ሱቅ አይከፍትም። ሁለተኛው ፓርቲ ሳይታሰር እስከ ምርጫው ቀን መቆየት አለበት፤ አንደኛውም ከተሸነፈ ወንበሩን ማስረከብ እንዳለበት ማመን አለበት። እነዚህ ሁለቱ ከተገኙ ፓርቲዎቹ እንደ መንታ ቢመሳሰሉ እንኳ ብዙ አልጨነቅም፤ ጅሬን ያለችው እናት አንድ ቀን ሦስተኛ ባለሱቅ ታገኛለች።

ከመቀመጤ በፊት ስለ ራሳችን ቤት አንድ ነገር ልበል። በማኅበራችን ምርጫ የተወዳዳሪዎችን ንግግር የሰማ ሰው ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ሌሊት ይከፈት፣ ወጡ ይሻሻል፣ ውኃ አይቋረጥ የሚል ከሁሉም አፍ ይሰማል። ይህን የሚቃወም ተማሪ የለም፤ ስለዚህም ማንንም ከማንም አይለይም። የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ከእንግዲህ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከተሰናባቹ ኮሚቴ ውሳኔዎች ቢያንስ አንዱን ጠርቶ እሽረዋለሁ ይበል፣ በምትኩም የሚያደርገውን ከነወጪው ይናገር፤ መልሱ በዚህ ጋዜጣ ይታተም፣ ከስድስት ወር በኋላም ተመራጩ በተገኘበት እንደገና ይነበብ። የፖለቲካ ሳይንስ መምህራኖቻችንንም እለምናለሁ፤ በሕግ የተመዘገቡትን ፓርቲዎች ፕሮግራም ሰብስበው በቤተ መጻሕፍቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡልን። ስለ መሬትና ስለ ቡና ዋጋ የሚሉትን ጎን ለጎን አንብበን፣ የሚለያዩበትን መስመር በእርሳስ አስምረን፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይዘን እንመጣለን።