የቆየው ሶፍትዌርና የመስኖ ተራችን

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ከአንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየናችን የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት አርሶ አደሮች፣
ከወረዳና ከዞን የመጣችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራትና ክቡራን፤



በመስኖ ውሃ ክርክር የማይነሳበት በጋ የለም። ከቦዩ ራስ ያለው «ሰብሌ ገና አልጠጣም» ሲል፣ ከቦዩ ጫፍ ያለው «ተራዬ ሳይደርስ ውሃው አለቀ» ይላል። ዳኝነቱ የሚወድቀው በውሃ አባቶች ላይ ነው። ለዚህ ዳኝነት መረጃ የሚሰጥ ክሮፕዋት የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ያዘጋጀው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሲሆን የሚሰጠውም በነፃ ነው። 5.7 የተባለው የዶስ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1992 ወጣ። ዛሬም የምንጠቀምበት 8.0 የተሠራው ለዊንዶውስ 95፣ 98፣ 2000፣ ኤክስፒና ቪስታ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከብዙዎቹ ኮምፒውተሮቻችን በዕድሜ ይበልጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሙቀት፣ የእርጥበት፣ የንፋስና የፀሐይ መረጃ፣ ዝናብ፣ የሰብልና የአፈር ዓይነት ይሰጠዋል፤ እርሱም ስንት ውሃ፣ በስንት ቀን እንደሚያስፈልግ ያሰላል። በአቅራቢያ የአየር ጠባይ ጣቢያ ከሌለ፣ ክሊምዋት ከተባለው የፋኦ የመረጃ ቋት የቅርቡን ጣቢያ የብዙ ዓመት አማካይ መውሰድ ይቻላል።

ምሳሌ ልስጥ። ከአፈርና ከቅጠል በቀን የሚወጣው መነሻ የውሃ መጠን 5 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በእድገቱ አጋማሽ ላይ ያለ ሽንኩርት በ1.05 ይባዛል፤ 5.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት 10 ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ በቀን 52.5 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ከምንለቀው ውሃ ሰብሉ የሚያገኘው 70 በመቶውን ብቻ ከሆነ፣ መልቀቅ ያለብን 75 ሜትር ኩብ ነው። በሰከንድ 10 ሊትር የሚስብ ፓምፕ ይህን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ከዚያ በላይ የሚሠራበት እያንዳንዱ ሰዓት የባከነ ነዳጅ፣ የጎረቤትም ውሃ ነው።

እንግዲህ የቆየ ፕሮግራም ስንጭን ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ የዶሱ ቅጂ በ64 ቢት ዊንዶውስ በቀጥታ አይከፈትም፤ ዶስቦክስ የሚባል አስመሳይ ፕሮግራም ይፈልጋል። 8.0 ግን በዊንዶውስ 10 ላይም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። አሮጌ የኤክስፒ ኮምፒውተር ለዚህ ሥራ ከተመደበ ኢንተርኔት ባይነካው ይመረጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የደህንነት ድጋፍ ተቋርጦበታልና። ፍላሹም ሳይመረመር አይሰካ።

ሁለተኛ፣ የቀን አቆጣጠር። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን ነው። ኅዳር 10 የተተከለ ሽንኩርት ኖቬምበር 19 ተብሎ ይገባል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች ደግሞ በማግስቱ በሚብተው ዓመት ኖቬምበር 20 ይሆናል። ወሩ ከተሳሳተ ስሌቱ በሙሉ የሌላ ወቅት ነው።

ሦስተኛ፣ መለኪያ። የንፋስ ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜትር ማለት በቀን 173 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኪሎ ሜትር በተባለበት ቦታ 2 ብለን ብንጽፍ ንፋሱ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ሰብሉም ውሃ ይጎድልበታል።

አራተኛ፣ ፍተሻ። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ በኋላ የአምናውን መረጃ አስገብቶ ማስላትና ከአምናው የታተመ ውጤት ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ቁጥሩ ካልገጠመ ምክንያቱ ሳይታወቅ ወደ ማሳ አይውረድ። በወቅቱ መካከልም ኮምፒውተርና ቅጂ መቀየር አይገባም።

ክቡራትና ክቡራን፤ ኮምፒውተሩ ማሳውን አያይም። ቦዩ የት እንደሚያፈስ፣ የትኛው መሬት ውሃ እንደሚያቁር የሚያውቀው አርሶ አደሩ ነው። አፈሩን ቆፍሮ፣ በእጅ ጨብጦ እርጥበቱን ማየት አሁንም አይቀርም። ስሌቱ የውሃ አባቶችን ዳኝነት ያግዛል እንጂ አይተካም።

ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙ የሚቀመጠው በአንድ ባለሙያ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ባለሙያው ሲዛወር የዓመታት መረጃ አብሮት ይሄዳል። ቀጣዩ ሠራተኛ ከዜሮ ይጀምራል፤ የቦዩ ክርክርም እንደዚያው። እኔም ነገ ልዛወር እችላለሁ። ስለዚህ ለበዓሉ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የመጫኛው ፋይልና የየዓመቱ መረጃ በዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት በሁለት ቦታ ይቀመጥ። የተከላ ቀን፣ የተለቀቀው ውሃና የተገኘው ምርት በመዝገብ ይያዝ። ከአባላት ልጆች መካከል ቢያንስ ሦስት ወጣቶች ይሠልጥኑ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

የወረዳ ኃላፊዎችም የመስኖ ተራ ሲጸድቅ ይህ ስሌት ከውሃ አባቶች ቃል ጋር አብሮ እንዲቀርብ ብታደርጉ፣ ከቦዩ ጫፍ ያለው አባል ድርሻውን በቁጥር መጠየቅ ይችላል።