ስለ ስድስቱ ዕለታትና ስለ ጥንት አራዊት አጥንት የተነገረ ቃል



በጅማ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሁለት ቍጥር ይዞ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ትቈጥራለች፤ መምህሩ ግን ዳይኖሰር የሚባሉት ታላላቅ አራዊት ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል ይለዋል። አባቱ «የፈረንጅ ተረት ነው» ብሎ ቢቈጣው ልጁ ዝም ይላል እንጂ አያምንም፤ ጥቂት ቈይቶም ከመጽሐፉም ከአባቱም ይርቃል።

አጥንቱ ደግሞ በፈረንጅ አገር ብቻ የተገኘ አይደለም። በሰሜን ሸዋ በጀማ ወንዝ ሸለቆ (ስሙ ከጅማ ጋር ይመሳሰላል እንጂ ሌላ አገር ነው) ከጥንት ጭቃ በረጋ ድንጋይ ውስጥ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቶ፣ ጥናቱ በ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታትሟል። የጅማ ምድር ግን አራዊቱ ከጠፉ በኋላ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ድንጋይ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ጥርስ አይፈለግበትም።

አንዳንዶች ነገሩን ለማስታረቅ ሲሉ ብሔሞትና ሌዋታን ዳይኖሰሮች ናቸው ይላሉ። አሳቡ ቅን ነው፤ ነገር ግን አይጸናም። መጽሐፈ ሄኖክ አንዱን በባሕር ጥልቅ፣ አንዱን በምድረ በዳ ያኖራቸዋል እንጂ ከሰው በፊት ያለቁ ናቸው አይልም። ሌሎች ደግሞ እያንዳንዱን ዕለት ብዙ ሚሊዮን ዓመት ያደርጉታል። ፀሐይ በረቡዕ ስለ ተፈጠረች የፊተኞቹ ሦስት ዕለታት በፀሐይ አልተለኩም፤ ቅዱስ ባስልዮስ ዕለቱን 24 ሰዓት ሲለው የሂጶው አውግስጢኖስ ሌላ ትርጓሜ ሰጥቷል፤ በዘመናቸውም ስለ ዳይኖሰር የሰማ አልነበረም። ይሁን እንጂ መጽሐፉ የፍሬ ዛፍን በማክሰኞ፣ ዓሣን በሐሙስ ያስቀምጣል፤ በድንጋዩ መዝገብ ግን ዓሣ ከፍሬ ዛፍ እጅግ ይቀድማል። ዕለቱን ቢዘረጉትም ተራው አይገጥምም።

ከዳይኖሰር ይልቅ የሚከብደው የአዳም ነገር ነው። የግቤ ውኃ በሚወርድበት በኦሞ፣ በኪቢሽ የተገኘው የሰው አጥንት ከ200 ሺህ ዓመት ይበልጣል፤ ዘመኑም የታወቀው ከበላዩ ከወረደው የእሳተ ገሞራ ዐመድ ነው። እንግዲህ 5,500 ምንድን ነው? ሊቃውንቱ ራሳቸው መልሱን ይዘውታል። ለአዳም የተሰጠው ተስፋ አምስት ቀን ተኩል ነበረ፤ መተርጕማኑም አንዱን ቀን አንድ ሺህ ዓመት ብለው ፈቱት። ቍጥሩ ድኅነት እስኪመጣ የተጠበቀበት ዘመን ነው እንጂ የድንጋይ ዕድሜ አይደለም። ሰሙን ከወርቁ ለይቶ መፍታት የሚያውቅ የቅኔ ቤት ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ አይደክምም፤ የሚደክመው ተስፋውን የመሬት መለኪያ ያደረገ ሰው ነው።

ስለ ማክሰኞም አንድ ነገር ይጨመር። የጎማና የጌራ ገበሬ የሚለቅመው ቡና፣ በ2024 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ሮቡስታ የሚባለው ቡናና ሌላ የዱር ቡና ከ600 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ተዳቅለው ያስገኙት ነው። በዚያች ዕለት ምድር እንድታበቅል ታዘዘች እንጂ ዛፉ ተሠርቶ ከሰማይ ወረደ አልተባለም።