የቢላዋ አፍ በማክሮ ፎቶግራፍ ሲመረመር

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ቢላዋ የሰው ልጅ ከያዛቸው መሣሪያዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ይሁን እንጂ በሚገባ መሳሉ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚፈተነው በአውራ ጣት ዳሰሳ፣ በክንድ ጠጕር ወይም በወረቀት ነው። እነዚህ ፈተናዎች ቢላዋው መቁረጡን ይናገራሉ እንጂ የማይቆርጠው ለምን እንደ ሆነ አያስረዱም። ነገሩም ቀላል አይደለም። የደነዘ ቢላዋ ጉልበት ይጠይቃል፤ በጉልበት የተገፋ ቢላዋ ደግሞ ሲያዳልጥ የሚያርፈው በሠራተኛው እጅ ላይ ነው። የመደነዙ ምክንያት ሳይታወቅ በድንጋይ የሚፋቅ ቢላዋም ያለ ዕድሜው ተበልቶ ያልቃል።

በመሠረቱ ስለት ማለት ሁለት ገጾች የሚገናኙበት መስመር ነው። መስመሩ በሐሳብ ስፋት ባይኖረውም በብረት ላይ ግን ምንጊዜም ጥቂት ስፋት አለው። በአሜሪካ የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት ፕሮፌሰር ጆን ቬርሆቨን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት የተሳሉ አፎችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምረዋል። የምላጭ አፍ ስፋት ግማሽ ማይክሮን ያህል ብቻ ነው። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ሲሆን፣ የሰው ጠጕር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይደርሳል።

የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ራሱ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮን በመሆኑ፣ የማክሮ ሌንስ የዚህን ዓይነቱን አፍ ስፋት ሊለካ አይችልም። ታዲያ ፎቶግራፉ ምን ይጠቅማል? መልሱ በብርሃን ጠባይ ውስጥ ይገኛል። ኮከብ ስፋቱ ለዓይን ሳይታወቅ ብርሃኑ እንደሚታይ ሁሉ፣ የደነዘ አፍም ስፋቱ ባይለካ እንኳ ብርሃን መልሶ ራሱን ያጋልጣል። በሚገባ የተሳለ አፍ በጥቁር መደብ ላይ ወደ ሌንሱ ቀና ተደርጎ ሲበራ ጨለማ ሆኖ ይቀራል፤ የደነዘው ግን እንደ ነጭ ክር ያበራል። ክሩ እዚህም እዚያም ከተቆራረጠ፣ ያልተሳለው ስፍራ የትኛው እንደ ሆነ በግልጽ ይታወቃል።

የአነሣሡ ዘዴ ግን ጥንቃቄ ይሻል። የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ጥራትን ይጨምራል የሚለው ልማድ እዚህ ላይ ያሳስታል። በ5 እጥፍ ማጉላት 8 ቁጥር ላይ የተደረገ ቀዳዳ በተግባር 48 ቁጥር ይሆናል፤ ብርሃኑም ስለሚበተን ከ10 ማይክሮን የሚያንሰው ዝርዝር ይደበዝዛል። ቀዳዳው ሲሰፋ ደግሞ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት ከሚሊሜትር ጥቂት መቶኛዎች አይበልጥም። ስለዚህ ካሜራው በጽኑ ማቆሚያ ላይ ሆኖ፣ ትኩረቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተዛወረ ብዙ ፎቶግራፎች ይነሣሉ፤ ኋላም በኮምፒዩተር ይዋሐዳሉ። በዚያው ማጉላት ሚሊሜትር የተከፈለበት ማስመሪያ አብሮ ቢነሣ ለልኬት ይረዳል።

መብራት ከጎን ተጋድሞ ሲመጣ ድንጋዩ የተወው ጭረት ሁሉ ይነበባል። ጭረቱ እስከ አፉ ጫፍ ካልደረሰ ድንጋዩ የነካው ትከሻውን ብቻ ነው፤ ይህም የመሳያው ማዕዘን ከቢላዋው ማዕዘን ያነሰ ለመሆኑ ምስክር ነው። ከሸካራ ድንጋይ የቀረ ጥልቅ ጭረት በለስላሳው ጭረት መካከል ከታየም፣ የመጀመሪያው ሥራ ሳይጠናቀቅ ወደ ሁለተኛው መታለፉን ያመለክታል።

ከሁሉ ይልቅ አታላዩ በመሳል ጊዜ ወደ ወዲያኛው ገጽ የሚታጠፈው ቀጭን የብረት ትራፊ ነው። ትራፊው ወረቀት ስለሚቀድ ቢላዋው የተሳለ ያስመስላል፤ ጥቂት እንደ ሠራ ግን ይታጠፋል ወይም ይቆረሳል። በአንድ ገጽ ብቻ የተነሣ ፎቶግራፍ ይህን ሊሰውር ስለሚችል፣ ሁለቱም ገጾች መነሣት አለባቸው።

የሥጋ ቤት ባለሙያ ቢላዋውን በማሳያ ብረት ደጋግሞ የሚያሽበት ምክንያትም በዚህ ይብራራል። ብረቱ በዋነኛነት የታጠፈውን አፍ ያቃናል፤ የዶለዶመውን ወይም የተሸረፈውን ግን እንደ ድንጋይ አይሞርድም። ሁለቱም ለጣት አንድ ዓይነት ድንዛዜ ይመስላሉ፤ በፎቶግራፍ ግን ይለያሉ። ልዩነቱን ያወቀ ሰው ለመቃናት ብቻ የሚሻውን ቢላዋ በድንጋይ አያስበላም።

በመጨረሻም እንደ መስተዋት የሚያበራ ገጽ ብቻውን የመሳል ማረጋገጫ አይደለም። ገጹ አብርቶ አፉ ዶልዱም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፎቶግራፉ የመቁረጥን ፈተና አይተካም፤ ፈተናው ቢላዋው መድከሙን ሲናገር፣ ፎቶግራፉ የደከመበትን ስፍራና ምክንያት ያሳያል። ሠራተኛውም ከእያንዳንዱ ድንጋይ በኋላ ሥራውን በዓይኑ አይቶ ማረም የሚችለው ሁለቱን አጣምሮ ሲይዝ ነው።