«ዕድሜ ይስጥህ» ስንባባል
በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ስለ ረዥም ዕድሜ እንድናገር ስጠየቅ አንድ አባታችን «ሰው ካልሞተማ ዕድሩ ምን ሊሠራ ነው?» ብለው አሳቁን። ቀልዱ ግን ቁም ነገር አለበት። ስንመራረቅ «የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥህ» እንላለን፤ 969 ዓመት መሆኑ ነው። ለመሆኑ ሳይንስ ይህን ምርቃት ሊያደርስልን ይችላልን? ቢያደርስልንስ ይበጀናልን?

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በመዝገብ ተረጋግጦ ከሰው ሁሉ አብልጠው የኖሩት ፈረንሳዊቷ ዣን ካልማን ናቸው፤ በ1875 ተወልደው በ1997 በ122 ዓመታቸው ዐረፉ። ከእርሳቸው ወዲህ እዚያ የደረሰ የለም።

ሊቃውንቱ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1935 አሜሪካዊው ክላይቭ መኬይ የአይጦችን ቀለብ ቢቀንሱባቸው ጠግበው ከሚበሉት ይልቅ ብዙ ኖሩ። በ1961 ሌናርድ ሄይፍሊክ ከሰው አካል የተወሰደ ሕዋስ 50 ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ መባዛቱን እንደሚያቆም አሳዩ። በ1993 ደግሞ ሲንቲያ ኬንዮን አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ትል አንዱ ዘረ መሏ ሲለወጥ ዕድሜዋ በእጥፍ እንደሚጨምር ገለጡ። ይሁን እንጂ ትልና አይጥ ሰው አይደሉም። የሰውን እርጅና የሚያስቀር መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ «አለኝ» ብሎ የሚሸጥ ቢመጣባችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ ማለቂያ የሌለው ሕይወት ፍጻሜው መሰልቸት ነው ብለዋል። ይሆናል፤ የእኛ ሰፈር ችግር ግን መሰልቸት ሳይሆን ሳይጠገቡ መሞት ነው።

ታዲያ በአገራችን ዕድሜ በምን ረዘመ? በክትባት፣ በንጹሕ ውኃ፣ በእናቶችና በሕፃናት እንክብካቤ ነው። በ1990 ከ50 ዓመት በታች የነበረው አማካይ ዕድሜ ዛሬ ከ60 በላይ ደርሷል። ይህ የሆነው ሽማግሌው ማቱሳላን ስላከለ ሳይሆን ብዙ ሕፃን ከሞት ስለተረፈ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ባለፈው ዓመት የቀበርነው ጎረቤታችን ገና 52 ዓመቱ ነበር። ድንኳን ተከልን፣ ንፍሮ ቀቀልን፣ ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ ግዴታችንን አላጎደልንም። ባለቤቱ ግን «አንድ ቀን እንኳ ደም ግፊቱን ተለክቶ አያውቅም» ስትል አንገቴን ደፋሁ። ደም ግፊት እኮ ብዙውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል፤ በጊዜ ከታወቀ ግን ጨው በመቀነስ፣ በእንቅስቃሴና ሐኪም ባዘዘው መድኃኒት ይገታል። ድንኳን ለመግዛት ስንት ጊዜ ተሰብስበናል፤ መለኪያ ለመግዛት ግን አንድ ቀን አልተወያየንም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ዕድሩ አንድ የደም ግፊት መለኪያ ይግዛ፤ ወርኃዊ መዋጮ ስንከፍል በመካከላችን ያሉት ነርሶች ይለኩን፤ ከፍ ያለበት ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለአባታችንም መልሴ ይኸው ነው። ሰው ሟች ነውና ዕድር ሥራ አያጣም። ጊዜው የደረሰውን በክብር እንሸኝ፤ ጊዜው ያልደረሰውን ደግሞ አብረን እናቆይ።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ።